«የአማቴ ቡፌ ሳሎኔን አጨለመብኝ»

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? በዓምድዎ የሚሰጡትን ምክር ሁልጊዜ እከታተላለሁ። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከኪራይ ቤት ወጥተን በ20/80 የደረሰንን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለት ወር ሆነን። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑን ለክተነዋል፤ 4 ሜትር ከ50 በ3 ሜትር ከ60 ነው። በረንዳው በጠባቡ ግድግዳ በኩል ይከፈታል። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ቤት ስለሆነ ሳሎኑ አምሮ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ።

ስልኬ ውስጥ ያጠራቀምኳቸው ፎቶዎች አሉ። ፈዘዝ ያለ ግራጫ የኤል ቅርጽ ሶፋ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እብነ በረድ የሚመስል ፓነል ከነመብራቱ፣ ደረጃ በደረጃ የወረደ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ ዙሪያው ጨረር ያለው ወርቃማ መስታወት። ለሶፋው በሚቀጥለው ሳምንት ቀብድ ልንከፍል ነው።

ችግሩ የባለቤቴ እናት «ለአዲሱ ቤታችሁ» ብለው የሰጡን የዋንዛ ቡፌ ነው። ከተሠራ 30 ዓመት አልፎታል። ላዩ ባለ መስታወት ሆኖ ወደ ኮርኒሱ ይደርሳል፤ ቀለሙ ጥቁር ቡኒ ነው፤ ሳሎኔን አጨለመብኝ። የበሮቹ ውስጥ ደግሞ በእርሳስ ተሞነጫጭሯል፤ የባለቤቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዕቁብ ሒሳብና የልጆቻቸውን የልደት ቀን እዚያ ላይ ይጽፉ ነበር። ባለቤቴ «አይነካም» ይላል። አማቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሊጠጡ ስለሚመጡ ልደብቀው አልችልም፤ ጉልበታቸውንም ስለሚያማቸው ላስቀይማቸው አልፈልግም። በኅዳር ደግሞ የማኅበር ተራዬ ነው፤ 12 ሰው ይመጣብኛል። ግድግዳው ላይ ከትልቁ የሠርግ ፎቷችን በቀር የምሰቅለው የለኝም። ምን ይመክሩኛል?

ሳሎኗ ያስጨነቃት፣ ከአዲስ አበባ



እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! ምስማር ለመምታት አከራይ ሲያስፈቅድ ለኖረ ሰው የራሱ የሆነ ባዶ ግድግዳ ምን ያህል ደስታም ጭንቀትም እንደሚሆን አውቃለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ የተጨነቅሽው በቡፌው ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ሶፋው ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር፤ ቀብዱን ገና ካልከፈላችሁ አትክፈሉ።

ሳሎንሽ 16 ካሬ ሜትር ከጥቂት ነው። በፎቶ የምታዪው ዓይነት የኤል ቅርጽ ሶፋ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎኑ 2 ሜትር ከ60፣ በሌላው ጎኑ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ከመደገፊያው እስከ ፊቱ ደግሞ 90 ሳንቲሜትር ነው። አስዪው፤ ከ3 ካሬ ሜትር በላይ፣ የሳሎንሽን አንድ አምስተኛ ይዞ ቁጭ ይላል። ተመችቶት የሚቀመጥበት ሰው ግን አምስት ነው። ማዕዘኑ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከአጠገቡ ካለው ሰው ጉልበት ጋር ስለሚጋጭ፣ እንግዳ ሲበዛ ያቺ ቦታ ለልጅ ትቀራለች። አሁን ሌላውን አስቢው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው የሦስት ሰው ሶፋና ሁለት ቀለል ያሉ ባለ መደገፊያ ወንበሮች ያንኑ አምስት ሰው 3 ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ያስቀምጡልሻል። ከሁሉም በላይ ወንበሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ለቡና ወደ በረንዳው በር ትስቢያቸዋለሽ፣ ለማኅበር ወደ ግድግዳ ታስጠጊያቸዋለሽ። የኤል ሶፋ ግን አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ሳሎኑን የሚያዘው እሱ ነው፤ አንቺ አይደለሽም።

አላመንሽኝ ይሆናል። እንግዲያው ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አሮጌ የአልጋ ልብስ አውጪና በምትፈልጊው ሶፋ ልክ አጣጥፈሽ ወለሉ ላይ አንጥፊው። ከፊቱ በ40 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ የጠረጴዛውን ልክ በፎጣ አድርጊ። ከዚያ ለሦስት ቀን ሳትረግጡት ኑሩ። ባለቤትሽ ከሥራ ሲገባ በየት እንደሚያልፍ፣ ልጆቹ ወደ በረንዳ ሲሮጡ የት እንደሚደናቀፉ፣ አማትሽ ቅዳሜ ሲመጡ በየት በኩል እንደሚዞሩ እዪ። ሰው ጎኑን ሳያዞር ለማለፍ ቢያንስ 70 ሳንቲሜትር ያስፈልገዋል። የአልጋ ልብሱ ከእኔ የተሻለ ይመክርሻል።

ሳሎኑን ለክተሻል፤ ደግ አደረግሽ። ደረጃውንስ? አራተኛ ፎቅ ነው ያልሽኝ። የብሎኩን መግቢያ፣ የደረጃውን ስፋት፣ በየፎቁ ያለውን ማረፊያና የቤትሽን በር ለኪ። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ሶፋ ነው። ሳሎኔን ሦስት ጊዜ ለክቼ ደረጃውን አንድ ጊዜ እንኳ አልለካሁም ነበር። ሶፋው ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ሲደርስ አልዞር አለ። ስድስት ወጣቶች ወደ ታች መልሰው በገመድ አስረው በበረንዳ በኩል ጎተቱት፤ የበረንዳው ብረት ጨርቁን ከክንዱ እስከ ግርጌው ሸረከተው። ልባም ሰፊ በቀለሙ ክር ሰፋልኝ፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ስፌቱ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ሶፋው ከቤቴ እስከወጣበት ቀን ድረስ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያች ክንድ ላይ ትራስ ነበር የማስቀምጠው። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሶፋውን የምታሠሪ ከሆነ ጨርቁ ሳይለበስ ፍሬሙን በዐይንሽ ለማየት ጠይቂ። የሚኮራበት ሥራ ያለው አናጺ አይከለክልሽም። ከዚያ አንዱን የፊት እግር በእጅሽ 15 ሳንቲሜትር ያህል አንሺው። ሌላኛው የፊት እግር አብሮ ከተነሣ ፍሬሙ ጠንካራ ነው። እሱ መሬት ላይ ቀርቶ እንጨቱ ከተጣመመ ግን የልጆችሽን ዝላይ አንድ ክረምት አይችልም። ስፖንጅ በጥግግቱ ይለያያል፤ ለመቀመጫው በሜትር ኩብ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነውን እዘዢ፤ ከዚያ ያነሰው በዓመቱ ይሰረጉድና ጣውላው ይቆረቁራል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲገዙት ያምራል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግን እንደ ቅርፊት ይላላጣል። ፈዛዛ ግራጫ ደግሞ ሁለት ልጅ፣ ወጥና ቡና ባለበት ቤት ዕረፍት ይነሣሻል። ልብሱ በዚፕ የሚወልቅና የሚታጠብ፣ ቀለሙም ጠቆር ያለ ይሁን።

የመቀመጫውን ከፍታ ግን አደራ። በፎቶ የምታያቸው ሶፋዎች ዝቅ ያሉና ወደ ውስጥ የጠለቁ ናቸው፤ ለወጣት ይመቻሉ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እዚያ ውስጥ ከተቀመጠ ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጋል፤ አማትሽም በምራታቸው ፊት እጅ መዘርጋት አይወዱ ይሆናል። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን መቀመጫው ከወለል ከ45 እስከ 48 ሳንቲሜትር፣ ክንዱም ጠንካራ እንዲሆን አድርገሽ አሠሪው። የእሳቸው ወንበር መሆኑን መናገር አያስፈልግሽም፤ አንድ ቅዳሜ ከተቀመጡበት በኋላ ራሳቸው ያውቁታል።

የማኅበሩን 12 ሰው በሶፋ ለማስቀመጥ አታስቢ፤ በዓመት አንድ ቀን ለሚመጣ እንግዳ ብለሽ 364 ቀን በሶፋ መሐል እየተሹለከለክሽ መኖር የለብሽም። ይልቅ አራት ወይም አምስት በርጩማ ግዢ። የጅማን በርጩማ ታውቂዋለሽ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆመውን። ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ቢጎረብጥም አይወዛወዝም። በአዘቦት ቀን አንዱ የሶፋ ዳር ጠረጴዛ ይሆንልሻል፣ አንዱ አበባ ይቀመጥበታል፣ አንዱ ለቡና መቀመጫ ይሆናል። ሳሎንሽ ውስጥ ከሚገባው ዕቃ ሁሉ በቅርጹ ዐይን የሚስበው እሱ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ለቀረው እንግዳ የዕድር ወንበር አለ።

ወደ ቡፌው ልምጣ። እህቴ፣ እጅሽ ላይ ያለውን አላወቅሽውም። ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ በሕግ የተጠበቀ ዛፍ ነው። ከበሮ የሚፈለፈልበት እንጨት ነው። ዛሬ በየሱቁ የምታዪው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ በአብዛኛው ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕቦርድ የተሠራ ነው፤ ተጨምቆ የተጣበቀ የእንጨት ብናኝና ፍቅፋቂ ማለት ነው። ወለል ስትወለውዪ ግርጌው ውኃ ከነካው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። አንቺ 30 ዓመት ቆሞ ያልተጣመመ ድፍን እንጨት ይዘሽ ብናኝ ልትገዢ ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ደማ።

ሳሎንሽን ያጨለመው ግን እውነት ነው፤ አላስተባብልም። ያጨለመው ቁመቱና ቫርኒሹ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ቡፌዎች ብዙዎቹ ሁለት አካል ናቸው፤ ታችኛው ባለ በርና ባለ መሳቢያ፣ ላይኛው ባለ መስታወት። የሚያያይዟቸው ከጀርባ ወይም ከውስጥ የገቡ ጥቂት ብሎኖች ናቸው። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ከግድግዳው ሳብ አድርጉና እዩት። ሁለት አካል ከሆነ ላይኛውን አውርዱት። ታችኛው በአብዛኛው ከ80 እስከ 85 ሳንቲሜትር ከፍታ አለው፤ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን እላዩ ላይ ብታስቀምጪ መሐሉ ከወለል 1 ሜትር ከ15 አካባቢ ይሆናል፤ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ዐይን የቀረበ ነው። በቃ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫሽ ተገኘ። ባለ መስታወቱ ክፍል ወደ ልጆቹ መኝታ ቤት ይግባና መጽሐፍ ይያዝ፤ ግድግዳ ላይ ግን እንዳትሰቅዪው፣ ክብደቱን ብሎኬት አይችለውም።

ጥቁር ቡኒው የእንጨቱ ቀለም እንዳይመስልሽ። ያረጀ ቫርኒሽ፣ የከሰልና የዕጣን ጭስ ነው። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ያልተቀባ ቦታ ፈልጊና በእጅ ባትሪ እዪው፤ ማር የመሰለ ፈካ ያለ ቡኒ ታያለሽ። አናጺው አሮጌውን ቫርኒሽ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይላገው፤ ከዚያ 180፣ መጨረሻ ላይ 240፤ ሁልጊዜም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ። ከላይ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባው። እጀታዎቹን በቀላል የነሐስ እጀታ ለውጪያቸው። ግርጌው ድፍን ከሆነ ያንን አስነሥተሽ በ12 ሳንቲሜትር እግር አስተኪው፤ ብርሃን ከሥሩ ሲያልፍ ግዙፍነቱ ይቀንሳል፣ መወልወያሽም ይገባል። አስቀድመሽ ግን ትንንሽ ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ብናኝ እንዳለው ፈትሺ፤ ካለ ነቀዝ ነውና ሳይታከም እንዳይቀባ።

ቡፌውን ከረጅሙ ግድግዳ፣ ሶፋውን ከፊት ለፊቱ ካለው ረጅም ግድግዳ ብታስጠጊ በመሐላቸው 2 ሜትር ከ20 ይቀርሻል። ጠረጴዛሽን አስገብተሽም ከ1 ሜትር በላይ መተላለፊያ ይተርፍሻል።

ስለ እብነ በረድ መሰሉ ፓነል አጭር እሆናለሁ፤ አትለጥፊው። ፕላስቲክ ነው። በኮንዶሚኒየም ከላይ ቤት የቧንቧ ውኃ መውረዱ የተለመደ ነው፤ እርጥበቱ ከፓነሉ ጀርባ ሲታፈን የምታውቂው ሽታው ከመጣ በኋላ ነው። ስታነሺው ደግሞ ስቱኮውን ይዞት ይወርዳል። በስፖንጅ የተሠራው የጡብ ቅርጽ ልጥፍማ ከሰል በሚቀጣጠልበት ሳሎን በጭራሽ አይገባም፤ በቶሎ ይነዳል። ደረጃ በደረጃ የሚወርደው የጂፕሰም ኮርኒስ ከፍታ ካለው ቪላ ነው የሚያምረው፤ ዝቅ ባለ ጣሪያ ላይ ሌላ 15 ሳንቲሜትር ብታወርጂ ሳሎኑ ሰው ላይ ይጫናል። የዚያ ሁሉ ገንዘብ ለሶፋው ፍሬም ይሁን።

«ግድግዳው ላይ የምሰቅለው የለኝም» ያልሽው ነገር ነው ይበልጥ ያነጋገረኝ። ዕድል ካገኘሽ ሐረር ሂጂና ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገብተሽ እዪ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋናው ክፍል ውስጥ ሶፋ የለም፤ ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ መደቡ ራሱ ይናገራል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰፌድ፣ በሳህንና በጎድጓዳ ዕቃ ተሞልቷል፤ በግድግዳው ውስጥም የዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዶች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ያህል ዕቃ በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዐይን አያደክምም። ምክንያቱን የገባኝ ቆይቼ ነው፤ እያንዳንዱ ሰፌድ የሰፋችው ሴት አለች፣ ብዙው የሙሽራ ስጦታ ነው፣ በድግስ ቀንም ወርዶ ያገለግላል። እንግዳ ጣቱን ወደ አንዱ ቢቀስር ባለቤቲቱ የምትመልሰው ታሪክ አላት።

እኔ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ነገር ያለኝ መለኪያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ነው፤ እንግዳ «ይህ ከየት መጣ?» ቢልሽ የምትመልሺው ይኑርሽ። ወርቃማውን መስታወት አልከለክልሽም፣ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ከበረንዳው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ብታደርጊው ብርሃኑን ወደ ውስጥ ይወረውርልሻል። ነገር ግን መጀመሪያ አማትሽን አንድ ሰፌድ ለምኚያቸው። የራስሽንም እናት ለምኚ። የስንደዶና የአክርማ ሥራ በገበያም አለ፤ በእጃቸው የሰፉት ወይም የተሰፋላቸው ግን ሌላ ነው። ሦስት ወይም አምስት፣ መጠናቸው የተለያየ ይሁን፤ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኛቸው ቦታ ይሁኑ፣ የአለላው ቀለም ይለቃልና። ሽሮ ሜዳ ወጥተሽ ከሸማኔ ጥለት ብቻውን ማሠራት ትችያለሽ፤ በእንጨት ፍሬም ወጥሮ በመስታወት ሥር ሲገባ ከብዙ የታተመ ሥዕል ይበልጣል። ሥዕል የምትወዱ ከሆነም በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ሥራቸውን ሲያሳዩ ሄዳችሁ እዩ፤ ሠሪውን አግኝታችሁ አነጋግራችሁ የምትገዙት ሥዕል ይሆናል።

የሠርግ ፎቷችሁን ወደ መኝታ ቤት አስገቢው እላለሁ። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማኝም። ለእኔ ያ ትልቅ ፎቶ የሁለታችሁ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ የሁለታችሁም ወላጆች፣ ልጆቹም ቢታዩ ደስ ይለኛል። የቆዩትን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች በአንድ መጠን አሳትመሽ በአንድ ዓይነት ቀጭን ፍሬም አስገቢያቸው።

በድሮው ሳሎን ፎቶ ከኮርኒሱ ሥር ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነበር የሚሰቀለው፤ አንገትን አቅንቶ ነበር የሚታየው። አንቺ ዝቅ አድርጊው። ቆሞ የሚታይ ከሆነ የፎቶው መሐል ከወለል 1 ሜትር ከ45 እስከ 1 ሜትር ከ50 ይሁን። ከሶፋ በላይ ከሆነ ከመደገፊያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ የሁሉም ስፋት ተደምሮ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ፣ ለአንቺ 1 ሜትር ከ30 ያህል ይሙላ። መጀመሪያ በየመጠናቸው ጋዜጣ ቁረጪና በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፊ፤ ሁለት ቀን እያየሽ አስተካክዪ፤ ከዚያ ብቻ ይበሳ።

ሲበሳም ጥንቃቄ አለው። የግድግዳሽ ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ተራ ምስማር ልስኑን ሰንጥቆ ይገባና ይሽከረከራል። በድሪል ተበስቶ ፊሸር ገብቶበት በቪስ ይታሰር። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይም ወደ ታችም አታስበሺ፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በዚያ መስመር የመሄዱ ዕድል ሰፊ ነው።

ፓነሉን ከከለከልኩሽ ከቡፌው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በቀለም ለዪው። አንድ ግድግዳ ብቻ። ለማር ቀለም እንጨት የሚስማማው የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ቀለም ነው፤ ያ አመድ የነካው የሚመስል አረንጓዴ። የገል ቀለምም ያምራል። በካርቶን ናሙና አትወስኚ፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቀብተሽ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በመብራት እዪው። አምፖሉንም እግረ መንገድሽን ለውጪው። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሰጡሽ ነጩ 6500 ኬልቪን ነው፤ ለሱቅ እንጂ ለሳሎን አይሆንም፣ የሰው ፊት ያገረጣል። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለውን ጠይቂ። ቡፌው ላይ አንድ የሚሞላ የጠረጴዛ መብራት ይኑር፤ መብራት ሲጠፋም ቤቱ አይጨልምም።

መጋረጃው ከኮርኒሱ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምርና ወለል ይንካ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ይመስላል። ዘንጉ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 20 ሳንቲሜትር ይለፍ።

ቀሪው የቡናው ቦታ ነው፤ ከስልክሽ ፎቶዎች አንዱም ያላሰበበት። ከበረንዳው በር አጠገብ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ሶፋም ስጋጃም ሳይደርስበት ባዶ ተዪ። ረከቦቱና ከሰሉ እዚያ ይሁኑ። የዛሬው ስጋጃ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ አንድ ፍም ከወደቀበት ቀልጦ ይቀራል፤ እርጥብ ቄጤማም ያበላሸዋል። የከሰል ጢስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበትና በሩ ከፈት ይበል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ችላ አትበዪ። በዚያ ማዕዘን ያለውን ግድግዳ በሚታጠብ ቀለም ቀቢ፣ ዕጣኑ በሁለት ዓመት ቢጫ ያደርገዋልና። የአማትሽን ወንበር ወደዚያ አዙሪው። ጀበናው ሲፈላ፣ ቆሎው ሲዞር፣ ልጆቹ በርጩማ ይዘው ሲጠጉ ዐይናቸው ያረጀ ቡፌያቸው ላይ፣ ከላዩም የራሳቸው ሰፌድ ላይ ያርፋል።

ሁሉንም ለኅዳር አታድርሺው። ሶፋው፣ ቀለሙና አምፖሉ ይቅደሙ፤ ግድግዳው እስከ ከርሞ ቢቆይ ምንም አይደለም፤ የማኅበር ሰው ባዶ ግድግዳ አይቶ አይታዘብሽም።

አናጺው ቡፌውን ሊልግ ሲመጣ ግን በሮቹን አውልቆ ከውስጥም ከውጭም አንድ ላይ ሊጨርሳቸው ይፈልግ ይሆናል። የውስጡን አታስነኪው። «ተሞነጫጭሯል» ያልሽው በር ላይ የባለቤትሽ የልደት ቀን በአባቱ እጅ ተጽፏል። ቫርኒሽ አይቀባበት፣ በእርጥብ ጨርቅም አትወልውዪው፣ እርሳስ ይለቃል። ከጽሑፉ ሥር ለሁለቱ ልጆችሽ የሚሆን ቦታ ካለ ደግሞ እርሳሱን ለባለቤትሽ ስጪው።